ድንጋይም ይነበባል

ከቁይ ለመነሳት ስንሰናዳ አንድ አባት ወደ ሰፈርንበት ቤት መጡ። እኒህ አባት ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ከእኛ ከዘማቾቹ ጋር ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ዛሬ ያነባሉ፣ ይጽፋሉም።

«እናንተ ልጆች፣ ወዴት ልትሄዱ ነው?» አሉን።

«አክሱም ነው፣ አባባ» አልናቸው።

«ለምን ጉዳይ?»

«የጥንት ፍርስራሽ ልናይ ነው።»

ሳቁብን። «ድንጋይ ለማየት ነው ይህን ሁሉ አገር የምታቋርጡት? ድንጋይማ የኔን ማሳ ሞልቶት የለም እንዴ! ኑና እሱን ልቀሙልኝ» አሉን።

እኛም ሳቅን። ግን መልስ አጣን። በተማሪ ቤት ያነበብነው ብዙ ነበር፤ ለገበሬ የሚሆን መልስ ግን አልነበረንም። መልሱን ያገኘነው በመንገድ ላይ ነው። ይህን ትምህርት የጻፍነው ለእኒህ አባትና እንደሳቸው ለጠየቃችሁን ሁሉ ነው።

1. ከደጋ ወደ በረሃ

ከቁይ ተነስተን ደብረ ማርቆስ ገባን። ከደብረ ማርቆስ በቡሬ፣ በኮሶበርና በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር አደርን። በማግሥቱ ዐባይን በድልድይ ተሻግረን የጎንደርን መንገድ ያዝን። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ያየነው አገር እንግዳ አልሆነብንም። ሞፈሩና ቀንበሩ ያው ነው። ጤፉ ያው ነው። ጊዜው የመውቂያ ወራት ስለሆነ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው በነፋስ ይበራል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ደባርቅ ደረስን። ደባርቅ የስሜን ተራሮች በር ናት። ብርዷ የጮቄን ብርድ ያስታውሳል። ጋቢያችንን ተከናንበን አደርን።

ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ሊማሊሞ የሚባለው ቁልቁለት እዚህ ይጀምራል። መንገዱ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ነው። ገደሉን እየታከከ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። መኪናው ሲታጠፍ በአንድ በኩል ግንብ የመሰለ አለት፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር ነው። ከመካከላችን ዓይኑን የጨፈነም ነበር፤ ስሙን አንጠራም።

ቁልቁል በወረድን ቁጥር ልብሳችን ቀነሰ። መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ ወለቀ። ከደጀን ወደ ዐባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ቦታው በ1,000 ሜትር ዝቅ ሲል ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከደባርቅ እስከ ተከዜ ወንዝ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ሐሩር ገባን።

አዲአርቃይንና ማይ ፀብሪን አለፍን። አገሩ ተለወጠ። ሣሩ ደርቆ ገርጥቷል። አለቱ በፀሐይ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ግራሩም ቢሆን እሾህ ብቻ ቀርቶታል። በየተረተሩ ላይ ቅጠል የሌለው፣ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ቆሟል። «ይህ የሞተ ዛፍ ምንድን ነው?» ብለን ሹፌሩን ጠየቅነው።

«አልሞተም» አለን። «የዕጣን ዛፍ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ይኖራል። ልጡን በትንሹ ይፍቁታል፣ ይደማል፤ ደሙ ሲደርቅ ዕጣን ይሆናል። እናቶቻችሁ ቡና ሲያፈሉ የሚያጨሱት እሱ ነው።»

አፈርን። የሞተ የመሰለን ነገር የሰው መተዳደሪያ ነበር። በረሃ ባዶ አይደለም፤ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል እንጂ።

ተከዜን በድልድይ ስንሻገር ውሃው ቀጭን ነበር። በግራና በቀኙ ግን ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ተኝቷል። ሹፌሩ መኪናውን አቆመልንና «ይህን አሸዋ ታያላችሁ? እዚህ የበቀለ አይደለም። ከደጋ የወረደ ነው። በክረምት ብትመጡ ውሃው ቀይ ነው» አለን። እኛ የዐባይን ቀይ ውሃ እናውቃለን። ተከዜም ወደ ሱዳን ወርዶ በአትባራ በኩል ከዐባይ ጋር ይገናኛል። የጎጃም አፈርና የስሜን አፈር በሰው አገር ይገናኛሉ ማለት ነው። ያኔ ነገሩን ቶሎ ረሳነው። በኋላ ግን አስታወስነው።

ከተከዜ ሽቅብ ወጥተን እንዳ ሥላሴ ደረስን። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ አክሱም ገባን።

2. ያየነው ድንጋይ

የአክሱም መንግሥት ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ኃያል ሆኖ የኖረ መንግሥት ነው። መርከቦች በቀይ ባሕር ወደ ወደቡ ወደ አዱሊስ እየመጡ የዝሆን ጥርስና ሌላም ዕቃ ይጭኑ ነበር። አክሱም ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐስ የራሱን ገንዘብ ይሠራ ነበር።

ሐውልቶቹ የታላላቅ ሰዎች መቃብር ምልክቶች ናቸው። እያንዳንዱ ሐውልት ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ትልልቆቹ ላይ ከታች በር፣ ከላይ መስኮት ተቀርጾባቸዋል፤ የብዙ ፎቅ ቤት ይመስላሉ። ከሁሉም የሚበልጠው 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት አለው። ይህም ከ5,000 ኩንታል በላይ ነው። እሱ ግን ወድቆና ተሰባብሮ ተኝቷል።

ሁለተኛው 24 ሜትር ያህል ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ወደ ሮም ወሰዱት። አገራችን ብዙ ዘመን ከጠየቀች በኋላ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። በሥሩ ቆመን ወደ ላይ ስናይ አንገታችን ታመመ።

ድንጋዩ የተፈለጠው ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከጎበድራ ኮረብታ ነው። እዚያም ሄድን። አለቱ ላይ በመስመር የተቆፈሩ ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ጠራቢዎቹ በነዚህ ጉድጓዶች ሽብልቅ እያስገቡ አለቱን ይፈልጡት ነበር። እንጨት የፈለጠ ሰው ሁሉ ዘዴውን ይረዳዋል።

ቀጥሎ ዱንጉር የሚባለውን ፍርስራሽ አየን። ሕዝቡ የንግሥት ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል። የአጥኚዎች ግምት ግን ከዛሬ 1,400 ወይም 1,500 ዓመት በፊት የተሠራ ነው። 50 ያህል ክፍሎች አሉት። ጣሪያው የለም፤ መሠረቱና የግድግዳው ግርጌ ብቻ ቀርቷል። ቀረብ ብለን ስናየው ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። ካቡ እኛ አገር ከሚካበው ካብ እጅግ የተለየ አይደለም። ትልልቁ ድንጋይ በማዕዘን፣ ትንንሹ በመሐል።

3. ገበሬዎች ያገኙት ጽሑፍ

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን አንድ ሰው የሚያህል ድንጋይ ነው። ይህን ድንጋይ ያገኙት ምሁራን አይደሉም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት መሬት ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ድንጋዩ በያለበት በሦስት ዓይነት ጽሑፍ ተጽፎበታል፤ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ቋንቋ። ያስጻፈው ንጉሥ ኢዛና ነው፤ ከዛሬ 1,700 ዓመት ገደማ በፊት። የቤጃን ሕዝብ ወግቶ እንዳሸነፈ፣ ወደ ሌላ አገር ወስዶ እንዳሰፈራቸው፣ ከብትና ቀለብም እንደሰጣቸው ይናገራል። ድንጋዩን ከቦታው የሚያነሳውንም ይረግማል።

ጎንበስ ብለን አየነው። «በ» ናት! «ለ» ናት! «ተ» ናት! ያቺው እናንተ በከሰል የጻፋችኋት «ተ» ናት። ግን ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ የለም። በዚያ ድንጋይ ላይ ያለው ፊደል ገና ግዕዙ ብቻ ነው፤ ካዕብና ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ አልተጨመረበትም። ቅጥያው በጽሑፍ የታየው በዚያው በኢዛና ዘመን፣ ትንሽ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሰባቱ ቤት ሲያስቸግራችሁ አትፈሩ። ነገሥታቱም ሲጀምሩ አንዱን ቤት ብቻ ነበር የያዙት።

ታዲያ አንድ ነገር ከነከነን። ድንጋዩ የንጉሡን ስም ይናገራል። የጎተተው ሰው ስም ግን የለም። ለጎታቹ እህል ያመረተው ገበሬ ስምም የለም። «ገበሬውን የት እናገኘዋለን?» ተባባልን።

በቤተ መዘክር አገኘነው። የወርቁ ገንዘብ ላይ የንጉሡ ራስ ተቀርጿል፤ በግራና በቀኙ ግን ሁለት የእህል ዛላ ቆመዋል። ንጉሡ ብዙ ወርቅ ነበረው፤ ለክብሩ የመረጠው ጌጥ ግን የእህል ዛላ ነው። አጥኚዎችም አፈሩን በወንፊት ሲነፉ ከሰል የሆነ ዘር አገኙ፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ። የቁይ ገበያ እህል ነው እኮ!

4. ከተማዋ ለምን ደከመች?

እንዲህ ያለ ኃይል እንዴት ጠፋ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከዛሬ 1,300 ወይም 1,400 ዓመት በፊት የቀይ ባሕር ንግድ ከአክሱም እጅ ወጣ። ያ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ መሬቱ ነው። ካርል ቡትዘር የሚባል አጥኚ የአክሱምን አፈር መርምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ጥናቱን አሳተመ። እንደሱ አባባል፣ የከተማው ሕዝብ ሲበዛ ተዳፋቱ ሁሉ ታረሰ፤ ዛፉ ለቤት፣ ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ከተራራው እየወረደ ሜዳ ላይ ተከመረ። የጥንቱ ቤት ግድግዳ የተቀበረውም በዚህ አፈር ነው። በመጠኑ ላይ ምሁራን ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ አፈሩ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ነበር ይላሉ። አፈር ሲሄድ ከተማ እንደሚራብ ግን አይከራከሩም።

ያን ዕለት ማታ ቡና እየጠጣን ሳለ ከመካከላችን አንዱ በመጽሐፍ ያነበበውን ስለ ሌላ አገር አጫወተን። በሰሜን አሜሪካ፣ በደቡብ ምዕራቡ በረሃ፣ ፑዌብሎ የሚባሉ ገበሬዎች ነበሩ። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ይዘሩ ነበር። በቆሎ መጀመሪያ የተዘራው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደኛ የመጣው ከ500 ዓመት ወዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች ሜሳ ቬርዴ በሚባል ቦታ በገደል ጉያ ውስጥ ከድንጋይና ከጭቃ ቤት ሠሩ። አንዱ ግቢ ብቻ 150 ያህል ክፍል አለው። ከ700 ዓመት በፊት ገደማ ግን ቤታቸውን ለቀው ሄዱ።

ለምን? አጥኚዎች የጥንት ግንድ ቆርጠው ቀለበቱን ቆጠሩ። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናብ ሲበዛ ሰፊ፣ ሲያንስ ጠባብ። ቀለበቱ እንደሚናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1276 እስከ 1299 ድረስ ድርቅ ነበር። ማገዶውና አፈሩም ተመናምኖ ነበር፤ ጠብም ነበር። ሕዝቡ ግን አልጠፋም። ውሃ ወዳለበት ተሰደደ። ልጆቻቸው ሆፒና ዙኒ ይባላሉ፤ ዛሬም በቆሎ ይዘራሉ።

ስለዚህ ድንጋይም ይነበባል። የዛፍ ቀለበትም፣ የወንዝ አሸዋም ይነበባል። ፊደል የሰው ጽሑፍ ነው፤ ይህ ደግሞ የመሬት ጽሑፍ ነው።

በማግሥቱ በአክሱም ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ ሌላ ጽሑፍ አየን። ገበሬዎች በዳገቱ አግድም የድንጋይ እርከን ሠርተዋል። እርከኑ ሥር አፈር ተጠራቅሟል። በዱንጉር ያየነው ዓይነት ካብ ነው፤ ይህ ካብ ግን የሚይዘው አፈር ነው።

5. ቁይ ስንመለስ

ተመልሰን ስንመጣ እኒያ አባት «ድንጋያችሁን አያችሁ?» አሉን። ሁሉንም አጫወትናቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁን።

«እነዚያ የአክሱም ገበሬዎች አፈሩ ሲሄድ አላዩትም ነበር?»

በቃል ከመመለስ በሒሳብ መለስንላቸው። እናንተም ከእኛ ጋር አስሉት። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ጎርፍ ከላዩ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጠርግ፣ ይህም ከእንጀራ ውፍረት ያነሰ ነው፣ 2 ሜትር ኩብ ተኩል አፈር ይሄዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 12 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ከአንድ ጥማድ 30 ኩንታል አፈር ሄደ ማለት ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 60 አህያ ጭነት ነው። 60 አህያ አፈር ጭነው ከማሳችሁ ሲወጡ ብታዩ ትጮሁ ነበር። ጎርፍ ሲወስደው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ዓይን አያየውም። ተፈጥሮ ደግሞ አንዲት ሴንቲ ሜትር አፈር ለመሥራት ብዙ አሥር ዓመታት፣ አንዳንዴም መቶ ዓመታት ይፈጅባታል።

እኒያ አባት ተነስተው «ኑ» አሉን። ወደ ማሳቸው ወሰዱን። በጤፉ ማሳ ግርጌ ቦረቦር አለ። አንደኛው ጓዳችን ገብቶ ሲቆም ራሱ ብቻ ታየ። «በልጅነቴ እዚህ ቆሜ እዘለው ነበር» አሉን።

የቦረቦሩ መነሻ ከላይ ያለው የጎረቤታቸው ማሳ ነው። ጎረቤታቸው ውሃ እንዳይተኛበት ፈሰሱን ቀጥታ ቁልቁል አወጣው። ውሃው ኃይል አግኝቶ የታችኛውን ማሳ ቆረጠው። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ሰዎች ከተኳረፉ ሁለት ክረምት አልፏል።

እርከን ሥሩ ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ለገበሬው ግን ቀላል አይደለም። «እርከኑ መሬቴን ያጠበዋል። በሬ መዞሪያ ያጣል። አይጥ ይራባበታል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ወጪ አለው። በተጨማሪም አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ያፈርስበታል። ሊሠራ የሚገባው ይህ ነው፦

ሀ. ፈሰስ ቀጥታ ቁልቁል አይውጣ። በአግድም፣ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ይውጣ።

ለ. የላይና የታች ባለማሳዎች ፈሰሳቸውን ወደ አንድ የጋራ ቦይ ያውጡ። ቦዩ ሣር ይልበስ፣ ከብት አይግባበት።

ሐ. በቦረቦሩ ውስጥ ከላይ ጀምሮ በየርቀቱ የድንጋይ ክትር ይካብ። ከማሳ የሚለቀመው ድንጋይ ለዚህ ይሆናል።

መ. በእርከኑ ላይ ለከብት የሚሆን ሣር ይተከል። የጠበበው መሬት እንዲህ ይካሳል።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች በዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ተነጋገሩ። ክርክሩ ረዘመ። የጋራ ቦይ ይኑር በሚለው ተስማሙ። ቦዩ በማን መሬት ይለፍ በሚለው ግን ገና አልተቋጨም፤ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ የላይኛው ፈሰሱን ሊያዞር፣ የታችኛው ድንጋይ ሊለቅም ተዋዋሉ። ውሉ በወረቀት ሰፈረ። ጸሐፊው የጣት ቀለም አቀረበ። እኒያ አባት ቀለሙን ወደ ጎን ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ጠየቁ። ስማቸውን በሰባት ፊደል ጻፉ፤ ጊዜ ወስዶባቸዋል፣ ማንም ግን አላስቸኮላቸውም።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «በሉ ልጆች፣ ድንጋይ ማየት ከወደዳችሁ ነገ በጠዋት ኑ፤ የሚለቀም አለ» አሉን። ሄድን።

የቃላት ፍቺ

ፍርስራሽ — ከፈረሰ ሕንፃ የቀረ ነገር።
ሽብልቅ — እንጨት ወይም ድንጋይ ለመፈልጫ የሚገባ ሹል ብረት ወይም እንጨት።
ቤተ መዘክር — የጥንት ዕቃ ተሰብስቦ የሚታይበት ቤት።
ቦረቦር — ጎርፍ ቆርጦ ያወጣው ጥልቅ ቦይ።
ክትር — የውሃን ኃይል ለማብረድ በቦረቦር ውስጥ የሚካብ ድንጋይ።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. ሹፌሩ ስለ ተከዜ አሸዋ ምን አለ? የእናንተ ወንዝ በክረምት ምን ቀለም አለው?
2. በአክሱም የወርቅ ገንዘብ ላይ የእህል ዛላ ለምን የተቀረጸ ይመስላችኋል?
3. ሦስት ጥማድ መሬት ካለው ገበሬ ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢጠረግ ስንት ኩንታል ይሄዳል?
4. የጋራው ቦይ በማን መሬት ቢያልፍ ፍትሐዊ ይሆናል? መሬቱን የሚለቀው ሰው እንዴት ይካስ? በቡድናችሁ ተከራክራችሁ የተስማማችሁበትን በሦስት መስመር ጻፉ።